የሚስዝ ማላርድ መርዶ

ጳጉሜ 5 ቀን 2016፣ ማክሰኞ

ነገ እንቁጣጣሽ ነው። ዶሮው ተገዝቶ ፍሪጅ ገብቷል፤ ሽንኩርቱን ስመለስ እከትፈዋለሁ ብዬ ወደ ክፍል ሄድኩ። ነርሲንግ ለመግባት ከሚያስፈልጉኝ ኮርሶች አንዱ የእንግሊዝኛ ድርሰት ነው፤ የዚህ ሴሚስተሩ ደግሞ ሥነ ጽሑፍ እያነበቡ ስለ ሥነ ጽሑፍ መጻፍ ነው። ኮሌጁ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ካሉት ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች አንዱ ነው፤ ተማሪው ግማሹ ከሥራ ልብሱ ጋር የሚመጣ ነው። ደሴ አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል አማርኛ ሳስተምር ስለኖርኩ ከኬሚስትሪው ይልቅ ይሄኛውን በጉጉት ነበር የጠበቅኩት።

አስተማሪያችን በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች። ሦስት ክልከላ ሰሌዳው ላይ ጻፈች፦ ታሪኩን አትተርኩልኝ፤ ባለፈ ጊዜ አትጻፉ፤ «ደራሲዋ ልትነግረን የፈለገችው» አትበሉ። የመጀመሪያው ገብቶኛል። ሁለተኛው የአገሩ ደንብ ነው፤ ገጸ ባሕርይዋ ከመቶ ዓመት በፊት ብትሞትም በድርሰታችን ውስጥ ዛሬ ነው የምትሞተው። ሦስተኛው ግን የእኔን ሥራ የሚነካ ነው። እኛ ፈተና ስናወጣ «የደራሲው ዓላማ ምንድን ነው?» ብለን ከሀ እስከ መ ምርጫ እንደረድር ነበር። እዚህ ጥያቄው ራሱ ነውር ነው። ነገሩ የቆየ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1946 ዊምሳትና ቢርድስሊ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ደራሲው ያሰበው ነገር የሥራው መለኪያ ሊሆን አይችልም ብለው ጽፈዋል፤ ከእነሱም በፊት እ.ኤ.አ. በ1929 ሪቻርድስ የተባለው የካምብሪጅ መምህር ለተማሪዎቹ የገጣሚው ስም የሌለበት ግጥም እያደለ የጻፉትን አሰባስቦ መጽሐፍ አድርጎታል።

ለንባብ የተሰጠን የኬት ሾፓን «የአንድ ሰዓት ታሪክ» ነው። ሁለት ገጽ ተኩል። ዶሮ ወጡ እስኪበስል ያልቃል።

መስከረም 4፣ ቅዳሜ

ትናንት የሌሊት ሺፍት ነበረኝ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነርሲንግ ሆሙ ውስጥ አንድ አዛውንት አረፉ። ነርሷ ለልጃቸው ደወለች። በትሕትና ነው የነገረቻት፤ ድምፅዋም መልካም ነበር። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ስልኩ ተዘጋ። ልጅቱ በዚያ ሌሊት ቤቷ ውስጥ ብቻዋን ትሁን አትሁን ማንም አልጠየቀም፤ ደንቡም አያዝም።

አብራኝ ከምትሠራው የጎንደር ሴት ጋር ተያየን። ባለፈው ክረምት የእሷ ወንድም አገር ቤት ሲያርፍ መጀመሪያ የተደወለው ለባሏ ነው፤ ባሏ ለእኔ ደወለ፤ እኔ ለንስሐ አባቷ። ሁለት ቀን ሙሉ ስልኳን ማን እንደሚይዘው፣ ፌስቡክ ላይ «ነፍስ ይማር» የሚል ሰው እንዳይቀድመን፣ ደም ብዛቷን ስንከታተል ቆይተን በሦስተኛው ቀን ሊነጋጋ ሲል በሯን አንኳኳን። ነጠላችንን አይታ ማንም ሳይናገር አወቀች።

ዕረፍት ሰዓቴ ላይ ወረቀቱን አወጣሁ። ሚስዝ ማላርድ የልብ ሕመምተኛ ናት። ባሏ በባቡር አደጋ ሞቷል ተብሏል። እኅቷ ጆሴፊን ወሬውን እያድበሰበሰች፣ ቁርጥርጥ አድርጋ ትነግራታለች፤ የባሏ ጓደኛ ሪቻርድስ እዚያው አጠገቧ ቆሟል። ሪቻርድስ ወሬው እውነት መሆኑን በሁለተኛ ቴሌግራም አረጋግጦ፣ ጥንቃቄ የጎደለው ሌላ ሰው እንዳይቀድመው እየተጣደፈ ነው የመጣው። የታሪኩ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ስለ ሞቱ አይደለም፤ ሞቱን ለመንገር ስለተወሰደው ጥንቃቄ ነው። ይህን ሳነብ ማንም እንዲያብራራልኝ አላስፈለገኝም። መርዶ ነው።

መስከረም 7፣ ማክሰኞ

ክፍሉ ተጋጋለ። ሚስዝ ማላርድ ወሬውን ሰምታ ካለቀሰች በኋላ መኝታ ቤቷ ትገባለች፣ በሩን ትዘጋለች፣ ክፍት መስኮት ፊት ትቀመጣለች፤ ከዚያ ሐዘኑ ሳይሆን ነፃነቱ ይመጣባታል። ከፊት የተቀመጠው ልጅ «ራስ ወዳድ ናት» አለ። አንዲት የኤል ሳልቫዶር ልጅ «ባልየው ጨቋኝ ነበር» አለች። አስተማሪያችን ለሁለቱም አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፦ «የት ላይ?» ልጅቱ ገጹን ስታገላብጥ ያገኘችው ባልየው ሚስቱን ያለ ፍቅር ተመልክቷት እንደማያውቅ ነው። ታሪኩ በቀላሉ እንዳንፈርድ ክፉ ባል አልሰጠንም። ይህች «የት ላይ?» የምትለዋ ጥያቄ የኮርሱ ሁሉ ጉልበት ትመስለኛለች፤ ደሴ እያለሁ ለተማሪዎቼ ይህን ያህል አዘውትሬ አልጠየቅኳትም።

እኔ እጄን ያወጣሁት ስለ ስሟ ነው። ከመጀመሪያው አንስቶ «ሚስዝ ማላርድ» ወይም «እሷ» ናት፤ የባሏ ስም ነው የተሸከመችው። ሉዊዝ የሚለው የራሷ ስም የሚሰማው ነፃ መሆኗን ለራሷ ከተናገረች በኋላ ነው፤ እኅቷ በቁልፉ ቀዳዳ ክፈቺ ብላ ስትለምናት። አስተማሪያችን ዞር ብላ ሰሌዳው ላይ ጻፈችው።

ከክፍል ስንወጣ አንድ እዚህ የተወለደ የአገሬ ልጅ ተከተለኝ። «እትዬ» ነው የሚለኝ፤ እናቱ አስይዛው መሆን አለበት። ልጅ ሆኖ አንድ ቀን ሲነጋ ሳሎኑ ሰው ሞልቶት እንዳገኘ፣ እናቱ ከመኝታ ቤት ስትወጣ ሁሉም እንደተነሣ፣ እሱ ግን ልደት መስሎት እንደነበር ነገረኝ። «ለምንድን ነው ግን ዝም ብለው ያልነገሯት?» አለ። ፓርኪንጉ ድረስ ስናወራ ሄድን።

መስከረም 12፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቲሲስ ለመጻፍ ተቀመጥኩ። ቲሲስ ማለት እዚህ ጭብጥ አይደለም፤ አንድ አስተዋይ አንባቢ «አይ፣ አልስማማም» ሊልበት የሚችል ዓረፍተ ነገር ነው። «ታሪኩ ስለ ሴት ነፃነት ነው» ብል የሚከራከረኝ የለም፤ ስለዚህ ዋጋ የለውም።

የእኔ ይህ ነው፦ በዚያ ቤት ሞት በጥንቃቄ ተረዳ፤ ሕይወት ግን ያለ አርጂ በሩን ከፍቶ ገባ። መጨረሻ ላይ ባልየው ብሬንትሊ ማላርድ በገዛ ቁልፉ ከፍቶ፣ የጉዞ ቦርሳውንና ጃንጥላውን ይዞ ይገባል፤ አደጋው ከደረሰበት ቦታ ሩቅ ነበር፣ አደጋ መድረሱንም አልሰማም። ሚስቱ ትሞታለች። ሐኪሞቹ ደስታ ገደላት ይላሉ። ለቀስተኛው ሁሉ ልቧን የጠበቀው ከሐዘን ነበር።

ይህን ጽፌ ደስ ብሎኝ ሳለ ሪቻርድስ አስቸገረኝ። ባልየው ሲገባ ሪቻርድስ ሚስቱ እንዳታየው ዘሎ ሊከልለው ይሞክራል። ስለዚህ ሁለተኛውንም ወሬ ሊያለዝበው የሞከረ ሰው አለ፤ አልደረሰም እንጂ። ይህን ዘልዬ ባልፈው ማን ያውቅብኛል? አስተማሪዋ ታውቃለች።

መስከረም 17፣ ዓርብ፣ መስቀል

ደመራውን ትናንት ዋሽንግተን ሄደን አየን። ዛሬ ሥራ የለኝም፤ የምንጭ ዝርዝር ሳሰናዳ ዋልኩ። ኤም ኤል ኤ የሚሉት ደንብ ደራሲውን በቤተሰብ ስሙ አስቀድም ይላል። ለማነጻጸሪያ ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» አንድ ትዕይንት አንሥቼ ስለነበር ኮምፒዩተሩ «አለማየሁ፣ ሀዲስ» ብሎ ገለበጠልኝ። አለማየሁ አባትየው ናቸው፤ ልቦለዱን አልጻፉም። ሐምቡርግ የተዘጋጀው ኢንሳይክሎፔዲያ ኢትዮፒካ እንኳ ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው ስም ነው የሚደረድራቸው። በእጄ መልሼ አስተካከልኩት፤ አስተማሪያችንም ምክንያቱን ስነግራት እሺ አለች።

ስለ ሾፓንም አነበብኩ። የአምስት ዓመት ልጅ ሳለች እ.ኤ.አ. በ1855 አባቷ በባቡር አደጋ ሞተዋል፤ ሚዙሪ ውስጥ ጋስኮኔድ ወንዝ ላይ ድልድይ ተደርምሶ። ባሏ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1882 ስድስት ልጆች ጥሎባት በወባ ሞተ። ታሪኩን ቮግ መጽሔት ያተመው ከዚያ አሥራ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ነው። በባቡር የሞተ አባት ያላት ሴት በባቡር የሞተ የተባለ ባል ስትጽፍ እንዴት ዝም ይባላል? ግን ደንቡ ደንብ ነው፤ የሕይወት ታሪኳ ማስረጃ አይሆንም፣ ከድርሰቱ አወጣሁት። እዚህ ላይ ደንቡ የጨከነ ይመስለኛል። ክፍል ውስጥ ባይሆን ኖሮ ከእሱ ነበር የምጀምረው።

መስከረም 21፣ ማክሰኞ

ረቂቃችንን ተለዋወጥን። የእኔ የደረሰው ለዚያ «ራስ ወዳድ ናት» ላለው ልጅ ነው። ኅዳጉ ላይ፦ «ሰው የሞተበትን ሰው ቶሎ አለመንገር ውሸት አይደለም?» ብሎ ጻፈ። ብልህ ጥያቄ ነው፤ የድርሰቱ ግን አይደለም። አስተማሪዋ በበኩሏ የመርዶውን አንቀጽ በሙሉ አክብባ ያንኑ ጻፈች፦ «የት ላይ?» የአገሬ ልማድ የሾፓን ቤት ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ልክ ናት። መርዶ ማየት ያለብኝን ነገር አሳየኝ እንጂ አያረጋግጥልኝም።

ስለዚህ ወደ ገጹ ተመለስኩ፤ ያን ጊዜ ነው ሪቻርድስ ራሱ ያገዘኝ። ባልየው በሩ ላይ ሲቆም ታሪኩ የሚያሰማን የጆሴፊንን ጩኸት፣ የሚያሳየን የሪቻርድስን መዝለል ነው። ሉዊዝ ምን እንዳየች፣ ምን እንዳለች፣ እንዴት እንደወደቀች አንድ ቃል የለም። ቀጥሎ ያለው የሐኪሞቹ ቃል ነው። መኝታ ቤቷ ውስጥ ሐሳቧን አንድ በአንድ የተከታተለው ትረካ እዚህ ሲደርስ ይተዋትና ዙሪያዋን ወደከበቡት ሰዎች ይዞራል። ሪቻርድስ የከለለው ልቧን ከድንጋጤ ለማዳን ነው፤ ያጣችው ምን እንደሆነ ግን እሱም አያውቅም። አርጂ አልጠፋም፤ ምን እንደሚረዳ የሚያውቅ ነው የጠፋው። ቲሲሱን በዚህ ቀየርኩት፤ የመርዶው አንቀጽም ወደ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተጨምቆ መግቢያው ላይ ቀረ።

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ

ወረቀቱ ተመለሰ። ቢ ፕላስ። ሰዋስው ላይ ቀይ አለበት፤ «ዘ» እና «ኤ» እስከ ዛሬ አልታዘዙልኝም። ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ትረካው ሉዊዝን ትቷት የሄደበትን ቦታ ባሳየሁበት ኅዳግ፣ «ይህን አላየሁትም ነበር» ብላ ጽፋለች። ለጎንደሯ ልጅ ሥራ ቦታ አነበብኩላት፤ እሷ ያለችው፦ «ባሏን ውጭ አቁመው መጀመሪያ ሽማግሌ ማስገባት ነበረባቸው።»

አገር ቤት አማርኛ የምታስተምሩ ባልደረቦቼ፣ ይህች ታሪክ አጭር ናት፣ የቅጂ መብት ጊዜዋም ካለፈ ቆይቷል። በአንድ ክፍለ ጊዜ ተርጉማችሁ ልታነቡላቸው ትችላላችሁ። ጭብጡን ከመጠየቃችሁ በፊት ግን «የት ላይ?» በሏቸው፤ መልሱንም ከገጹ ላይ ጣታቸውን አድርገው ያሳዩአችሁ።