ነሐስ፣ ፕላስቲክ፣ ባሕር ዛፍ

ምህንድስና ስንማር ፕላስቲክ ማለት የሽቦ ልባስ ነበር። መዳቡ ያስተላልፋል፣ ፕላስቲኩ ይከለክላል፣ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1977 ግን ሺራካዋ፣ ማክዲያርሚድና ሂገር ፖሊአሲቲሊን የሚባለውን ፕላስቲክ በአዮዲን ትነት ሲያጥኑት ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ በሚሊዮኖች እጥፍ አደገ፤ በ2000 ኖቤል ተሸለሙበት። አሠራሩ ቀላል ነው። አዮዲኑ ከካርቦን ሰንሰለቱ ላይ ኤሌክትሮን ይነጥቃል፣ ክፍት ቦታ ይፈጠራል፣ የቀሩት እየተጠጉ ያልፋሉ። ጢም ካለ ታክሲ አንድ ሰው ሲወርድ ሌላው ጠጋ ጠጋ እንደሚለው።

ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ ያለችው ጋፋት ግን የነሐስ አገር ናት። አፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያኑን ሚስዮናውያን መድፍ ሥሩልኝ ያሏቸው፣ ሴባስቶፖልም የተቀለጠው እዚያ ነው። ሰው የሚያወራው ስለ መድፉ ነው። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው፤ ንጉሡ የፈለጉት ዕቃውን ብቻ ሳይሆን እጁን፣ ጥበቡን ነበር። በ1860 መቅደላ ስትወድቅ ባለሙያዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ፣ ሥራውም አብሮ ቆመ።

ስለዚህ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ዶክተር ሽመልስ አድማሴ ከስዊድኑ ኦሌ ኢንጋናስ ጋር ያሳተሙትን ሳነብ ጋፋት ትዝ አለችኝ። ኢንጋናስና ፖላንዳዊው ሚልቻሬክ በ2012 ሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጡት ሐሳብ ነበር መነሻው፤ ፖሊፒሮል የተባለውን አስተላላፊ ፖሊመር ከሊግኒን ጋር አዋህዶ የባትሪ ኤሌክትሮድ መሥራት። ሊግኒን እንጨትን እንጨት የሚያደርገው ማጣበቂያ ነው፤ ወረቀት ፋብሪካዎች ከዝቃጭ ጋር የሚያስወግዱት። በውስጡ ያሉት ኩዊኖን የሚባሉ ቅንጣቶች ኤሌክትሮን ይቀበላሉ፣ ይመልሳሉ፤ ፖሊፒሮሉ ደግሞ መንገድ ይሆናቸዋል። ኮባልት የለ፣ ኒኬል የለ።

እንጨት ደግሞ ደቡብ ጎንደር አያጣም። ተራራው ሁሉ ባሕር ዛፍ ነው (ቴዎድሮስ አላዩትም፣ በምኒልክ ጊዜ የገባ ነው)። ለአጣናና ለማገዶ ከመሸጥ ሌላ ጥቅም ቢገኝለት ገበሬው አይጠላም። አንድ ቀን ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ የጋፋት ባሕር ዛፍ ሊግኒን ሲበጠበጥ ማየት እፈልጋለሁ፤ በጥባጩም እዚያው አድሮ የሚውል ሰው ቢሆን።

ችግር አለው። እንዲህ ያለው ኤሌክትሮድ ሳይነኩት ቻርጁ በራሱ ይወርዳል። ለስልክ የሚሆን አይደለም፣ ይከብዳል። ለቤት ጥግ ግን ክብደት ምን ያደርጋል? ቀን ከፀሐይ የሞላነውን እስከ ንጋት ቢይዝልን ይበቃል፤ መብራት እንደሆነ የሚጠፋው ማታ ነው።