የኩንታል ልክና የወገብ ልክ

ኩንታል በኢትዮጵያ ገበያ የእህል ዋጋ የሚነገርበት መለኪያ ሲሆን ልኩም 100 ኪሎ ግራም ነው። በአዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ የወፍጮ ቤቶችና የእህል መደብሮች ደጃፍ ግን ይህ መለኪያ ከሚዛን ወርዶ የሰው ጀርባ ላይ ያርፋል፤ ጤፉ አንድ ኩንታል ሆኖ ማዳበሪያ ውስጥ ተሰፍቶ ከመጣ፣ አንድ ኩንታል ሆኖ መውረዱ የማይቀር ነውና። ስለ ወገብ ጉዳት የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ ሠራተኛው እንዴት ጎንበስ ማለት እንዳለበት የሚያስተምር በመሆኑ፣ ከዚያ አስቀድሞ ሊነሳ የሚገባው ጥያቄ፣ ማለትም የሸክሙን ልክ ማን ወሰነው የሚለው፣ ሳይጠየቅ ይታለፋል።

ጭነት ከአይሱዙ ሲራገፍ ሁለት ሰዎች ከላይ ሆነው የማዳበሪያውን ጆሮ ግራና ቀኝ ይዘው እስከ መኪናው ጠርዝ ይስቡታል፤ ሦስተኛው ባዶ ማዳበሪያ አጥፎ ከማጅራቱ እስከ ትከሻው ካነጠፈ በኋላ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል፣ ኩንታሉ ሲጫንበትም አንድ እርምጃ ተንገዳግዶ ሚዛኑን ይይዝና፣ ክፍያው በኩንታል ቁጥር ስለሆነ፣ ፈጠን ብሎ ወደ መጋዘኑ ይገባል። ተመልካች ከባዱ ነገር ጭነቱን መቀበል ይመስለዋል፤ ነገር ግን ተሸካሚው ከክምሩ ፊት ደርሶ፣ እግሩን ሳያዞር ወገቡን ብቻ ጠምዝዞ ሸክሙን ወደ ጎን የሚጥልበት ቅጽበት ከዚያ የማይተናነስ አደጋ አለው፤ ጎንበስ ማለትና መጠምዘዝ ከክብደት ጋር የሚገናኙት በዚያች ቅጽበት ነውና።

የአከርካሪ አጥንቶች እርስ በርስ እንዳይፋተጉ በመካከላቸው ዲስክ የሚባል፣ ዙሪያው ጠንካራ፣ መሐሉ ደግሞ ለስላሳና ውኃ አዘል የሆነ ትራስ መሰል አካል አለ፤ የዲስኩ ዙሪያ ሲሰነጠቅና መሐሉ ወደ ውጭ ሲገፋ በአጠገቡ የሚያልፈውን ነርቭ ሊጫን ይችላል፣ ሕመሙም ከወገብ ተነስቶ እስከ እግር ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የጀርመን ተመራማሪዎች ጥናት በአንድ ፈቃደኛ ሰው ዲስክ ውስጥ መለኪያ አስገብቶ ባገኘው ውጤት፣ ሰውየው ቀጥ ብሎ ሲቆም ግፊቱ 0.5 ሜጋ ፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) የነበረ ሲሆን፣ 20 ኪሎ ጀርባውን አጉብጦ ሲያነሳ 2.3፣ ጉልበቱን አጥፎ ሲያነሳ ደግሞ 1.7 ሆኗል። ስለዚህ ጉልበትን ማጠፍ ከጫናው ሩብ ያህሉን ስለሚያቀል ምክሩ እውነት ነው፤ ሆኖም በትክክል ያነሳው ሰው እንኳ ከቆመበት ጊዜ ከሦስት እጥፍ በላይ ተጭኖታል፣ ያም የኩንታል አንድ አምስተኛ በሆነ ክብደት ነው።

የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤንነት ተቋም እ.ኤ.አ. በ1991 ባሻሻለው ስሌት፣ ሁኔታው ሁሉ ሲመች በእጅ ሊነሳ የሚመከረው ከፍተኛ ክብደት 23 ኪሎ ነው፤ ሸክሙ ከሰውነት ሲርቅ፣ ከመሬት ሲነሳ፣ ሲደጋገም ወይም ወገብ ሲጠመዘዝ ቁጥሩ ይቀንሳል። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ ለአዋቂ ወንድ ያስቀመጠው ጣሪያ 55 ኪሎ ሲሆን፣ ዛሬ እንደ ልል የሚቆጠረው ይህ ቁጥር እንኳ ከኩንታል ግማሽ ብዙም አይዘልም። ስለ አነሳስ የሚሰጥ ሥልጠና ብቻውን የወገብ ሕመምን እንደሚከላከል የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ የተደራጁ የጥናት ግምገማዎች አላገኙም፤ ለመከላከያ የሚታጠቁት የወገብ ቀበቶም ቢሆን፣ ያው የአሜሪካ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1994 ጉዳት ለመከላከሉ በቂ ማስረጃ እንደሌለ አስታውቋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው ተረት ስለ መተባበር ይነገራል እንጂ፣ እንደ ቃሉ ቢወሰድ የመጋዘን ደንብ መሆን የሚችል ነው።

ክብደት ብቻውን ደግሞ ሁሉን አይናገርም። በኮልፌ አጠና ተራ የሚሸጠው አጠና፣ ማለትም ለቤትና ለግንባታ መወጣጫ የሚሆነው የባሕር ዛፍ እንጨት፣ እርጥብ ሲሆን ይከብዳል፣ ርዝመቱም በትከሻ ላይ እንዲወዛወዝ ስለሚያደርገው ተሸካሚው በእያንዳንዱ እርምጃ ሰውነቱን ማቃናት ይኖርበታል። በሕንጻ ግንባታ ላይ ብዙውን ጊዜ ሴቶች ለሁለት የሚይዙት ባሬላ፣ ማለትም ድንጋይና ቡኬት የሚጓጓዝበት ባለ አራት እጀታ የጣውላ ቃሬዛ፣ በደልዳላ መሬት ሸክሙን እኩል ያካፍላል፤ መወጣጫ ላይ ሲደርስ ግን ክብደቱ ከኋላ ወዳለችው ሴት ያደላል፣ እርስዋም እግሯ የሚረግጥበትን አታይም። ይህን የሚያውቅ ፎርማን ቢያንስ ቦታ ያቀያይራቸዋል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሥራው ሂደት ለሠራተኛው የአካል፣ የኬሚካል፣ የባዮሎጂና የኧርጎኖሚክ ጉዳት ምንጭ እንዳይሆን እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል፤ ኧርጎኖሚክ የሚባለው ሥራው ከሰው አካል አቅምና አቋም ጋር ባለመጣጣሙ የሚመጣው ጉዳት ነው። በአንቀጽ 89 ደግሞ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወጣት ሠራተኞች በትራንስፖርትና በመጋዘን ከባድ ዕቃ በሚነሳበት፣ በሚሳብበትና በሚገፋበት ሥራ እንዳይሰማሩ ይከለክላል። ሕጉ ደግ ነው። ዳሩ ግን ጠዋት ለአንዱ ነጋዴ፣ ከሰዓት ለሌላው በኩንታል ሒሳብ የሚያወርድ ጫኝና አውራጅ፣ ወገቡ ሲያዝ ወደ ወጌሻ ከመሄድ በቀር፣ አሠሪዬ ብሎ የሚጠይቀው ሰው ለይቶ ማግኘት ይቸግረዋል፤ የሕጉ ትልቁ ክፍተት ያለውም እዚህ ነው።

ስለዚህ ከሕጉ በፊት ሊደርስለት የሚችለው ገዥው ነው። የሸክሙ ልክ የሚወሰነው በማሸጊያው ነውና፣ በብዙ የአውሮፓ አገሮች ሲሚንቶ በ25 ኪሎ ከረጢት ይሸጣል፤ በአዲስ አበባ ግን ከረጢቱ 50 ኪሎ ነው። በሚኪሊላንድ ኮንዶሚኒየም ሊፍት በሌለው ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ቤተሰብ ለዓመት ቀለብ ጤፍ ሲገዛ፣ ኩንታሉ በአራት ማዳበሪያ ተከፍሎ እንዲሰፋለት መደብሩን ቢጠይቅ፣ የሚጨምረው ወጪ የሦስት ማዳበሪያ ዋጋና ለተጨማሪው ምልልስ ለተሸካሚው የሚከፈለው ነው፤ ተሸካሚው ግን በየደረጃው መታጠፊያ 100 ኪሎ ይዞ ከመጠምዘዝ ይልቅ 25 ኪሎውን ወደ ሰውነቱ አስጠግቶ መውጣት ይችላል።