ታድግበታለች

የልጆች ልብስ በሚሸጥበት ሱቅ ደጃፍ ጥቂት ቆሞ ያዳመጠ ሰው አንዲት ቃል ደጋግማ ስትነገር ሳይሰማ አይቀርም። ልብሱ ለልጁ እጅግ ሰፍቶት፤ እጅጌው ጣቶቹን ሸፍኖት፤ ሱሪው መሬት እየጠረገ ሳለ እናትየው ራቅ ብላ ትመለከተውና «ግድ የለም፤ ያድግበታል» ትላለች። ሴት ልጅ ከሆነችም «ታድግበታለች» ይባላል። ነጋዴውም ቃሉን ስለሚወደው «እንዴታ! ለከርሞም ይሆናል» እያለ ያጠናክረዋል። አብዛኞቻችን የዚህች ቃል ልጆች ነን። በመጀመሪያው ዓመት በልብሳችን ውስጥ ጠፍተን፤ በሁለተኛው ልክ ሆኖልን፤ በሦስተኛው ቁርጭምጭሚታችን እየታየ አድገናል።

ይህች ቃል የችግር ቃል ብቻ አይደለችም። ልጁ ነገም እንደሚኖር፤ ከርሞም ቁመት እንደሚጨምር አምኖ የሚናገር ሰው ቃል ናት። እኔም ትርጉሟን በሚገባ ያስተዋልኩት በመርፌና በክር ምክንያት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ክፍል ጸሐፊ ነኝ። ሥራዬ ለመጣው ደብዳቤ ቁጥር መስጠት፤ የተፈለገውን ፋይል ማውጣትና መመለስ ነው። በ11 ሰዓት ተኩል ስወጣ የዋልኩበት ሁሉ በቁም ሣጥን ተቆልፎ ስለሚቀር ማታ ቤቴ ገብቼ «ዛሬ ምን ሠራህ?» ብዬ ራሴን ብጠይቅ በእጄ ይዤ የማሳየው ነገር የለኝም። ይህ ስሜት ለብዙዎቹ የሥራ ጓደኞቼ እንግዳ አይደለም። አንዳንዱ በማታ ትምህርት፤ አንዳንዱ በኳስ ወሬ፤ አንዳንዱም በመጠጥ ቤት ይረሳዋል። እኔ ግን ጥልፍ እሠራለሁ፤ ያውም የልጅ ቀሚስ ጥልፍ።

ወደዚህ ሥራ ያስገባችኝ የእኅቴ ልጅ ናት። እኅቴ ወደ አሜሪካ ከሄደች ሰባት ዓመት ሆኗታል። ልጅቷም እዚያው ቨርጂኒያ ተወለደች። እኔ አጎቷ በስልክ መስታወት ላይ ሆና አየኋት እንጂ አንድ ቀን እንኳ አቅፌያት አላውቅም። ስጦታ ልልክላት ባስብ፤ እዚህ በገንዘቤ የምገዛው ነገር ሁሉ እዚያ በየሱቁ ሞልቷል። ከዚህ ብቻ የሚገኝ ነገር ምን እንደ ሆነ ሳወጣና ሳወርድ ቆየሁ።

አንድ ቅዳሜ መርካቶ ሳልባጅ ከሚሸጥበት ክምር ውስጥ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ቀሚስ አገኘሁ። ደረቷ ላይ ጨርቁ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ በቀጭኑ ተሸንሽኖ፤ በሽንሽኑ አናት ላይ ደግሞ በቀለም ክር ተጠልፏል። በጣቴ ስስበው ይለጠጣል፤ ስለቀው ይሰበሰባል። ላስቲክ ያለበት መስሎኝ ገልብጬ ባየው ምንም የለም። የፋብሪካ ምልክትም አልነበረበትም። በጥቂት ብር ገዝቼ ቤቴ ወሰድኩና ስፌቱን በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ እየፈታሁ አጠናሁት። ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ ግን የቀሚሱ ጠርዝ ነበር። ከጠርዙ ከፍ ብሎ ሁለት ፈዛዛ መስመሮች ይታያሉ። ይኸውም የታጠፈው ጨርቅ ሁለት ጊዜ እየተፈታ ወደ ታች መውረዱን የሚያሳይ ነው። የማላውቃት ልጅ በዚህ ቀሚስ ውስጥ ሦስት ቁመት አሳልፋለች ማለት ነው። በየትኛው ቋንቋ እንደ ሆነ አላውቅም እንጂ የእርሷም እናት «ታድግበታለች» ብላለች።

የዚህ ጥልፍ ስም «ስሞኪንግ» ይባላል። ስሙ የመጣው ስሞክ ከተባለው ሰፊ የሥራ ሸሚዝ ሲሆን፤ የሚለብሱትም በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት የነበሩ የእንግሊዝ አገር እረኞች፤ ገበሬዎችና ጋሪ ነጂዎች ነበሩ። አንባቢ ሆይ፤ ይህን ልብ በልልኝ፤ ዛሬ የሕፃናት ጌጥ የሆነው ጥልፍ መነሻው የጉልበት ሠራተኛ ልብስ ነው። ስሞኩ በአራት ማዕዘን ቁራጮች ስለሚሰፋ ጨርቅ አይባክንበትም። ብዙውን ጊዜ ፊቱና ጀርባው አንድ ዓይነት ስለ ሆነ ፊቱ ሲቆሽሽ አዙሮ መልበስ ይቻላል። ትርፉ ጨርቅ በደረትና በእጅጌ ላይ ተሸንሽኖ ስለሚጠለፍ ሠራተኛው ማጭዱን ሲያነሣ ልብሱ አብሮት ይለጠጣል፤ ሲያሳርፍም ይሰበሰባል። ላስቲክ በልብስ ላይ ባልተለመደበት ዘመን የላስቲክን ሥራ የሠራው የገጠር ሰው ብልሃት ነበር።

ኋላ የእርሻ መሣሪያ በሞተር መዞር ሲጀምር ሰፊ ልብስ በመሣሪያው እየተያዘ አደጋ ያመጣ ጀመር። የፋብሪካ ልብስም ረከሰ። ስለዚህ ስሞክ ከእርሻው ላይ ቀስ በቀስ ጠፋ። ዛሬ በሬዲንግ ከተማ በሚገኘው የእንግሊዝ ገጠር ኑሮ ሙዚየም ውስጥ እነዚያ ሸሚዞች ተጠብቀው ይገኛሉ። ጥልፉ ግን አልሞተም። ኬት ግሪናዌይ የተባለችው ሠዓሊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1879 ዓ.ም. ባወጣችው የሕፃናት መጽሐፍ ልጆቹን የድሮ ልብስ አልብሳ ስለ ሣለቻቸው እናቶች ያንን አለባበስ ወደዱት። በ1884 ዓ.ም. የልብስ ክፍል የከፈተው የለንደኑ ሊበርቲ መደብርም እንዲህ የተጠለፉ ልብሶችን አስፋፋ። የእረኛው ሸሚዝ የሕፃን ቀሚስ ሆነ።

አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ምሥጢር የለውም። ለደረቱ 20 ሳንቲ ሜትር ቢያስፈልግ ሦስት እጥፍ፤ ማለት 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጨርቅ ይቀርባል። በጨርቁ ውስጠኛ ገጽ በየ6 ሚሊ ሜትሩ ነጥብ ይደረጋል፤ ይህም በአንድ ረድፍ 100 ነጥብ ያህል ይሆናል። ረድፎቹ በአንድ ሳንቲ ሜትር ተራርቀው ስምንት ቢሆኑ በጠቅላላው 800 ነጥብ ነው። መርፌው በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ጥቂት ጨርቅ እያነሣ ያልፋል። ረድፉ ሁሉ ሲያልቅ ክሮቹ አንድነት ሲሳቡ ጨርቁ ተሸንሽኖ ይሰበሰባል። ከዚያ በኋላ በፊተኛው ገጽ በሽንሽኖቹ አናት ላይ ይጠለፋል። ከላይ፤ ከአንገቱ ሥር ጠበቅ የሚያደርግ ስፌት፤ ወደ ታች ደግሞ እንደ ማዕበልና እንደ ማር እንጀራ ያለ፤ የሚለጠጥ ስፌት ይመረጣል። በመጨረሻ የመጀመሪያዎቹ መሳቢያ ክሮች ተመዘው ይጣላሉ። 800 ጊዜ የተወጋው ክር ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ማንም አያየውም፤ ጥልፉ ግን ቅርጹን ይዞ ይቀራል። እኔ በመዝገብ ቤት እንደ ምሠራ ሰው ለዚያ ለተጣለው ክር የተለየ ፍቅር አለኝ።

በዚህ ሙያ የተሰማሩ ሰዎች እንዲህ ያለውን ልብስ ለአንድ ልጅ ብቻ ብለው አይሰፉትም፤ ከልጅ ወደ ልጅ እንዲተላለፍ አስበው ነው። የታወቀው ምሳሌ የእንግሊዝ ንጉሣዊ ቤተ ሰብ የክርስትና ቀሚስ ነው። የንግሥት ቪክቶሪያ የመጀመሪያ ልጅ በ1841 ዓ.ም. ከለበሰችው ወዲህ እስከ 2004 ዓ.ም. ድረስ 62 ሕፃናት ክርስትና ተነሥተውበታል። በመጨረሻ ጨርቁ ስለ ሳሳ እንዲያርፍ ተደርጎ አምሳያው ተሠራለትና ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ሕፃናቱ አምሳያውን ይለብሳሉ። በእኛም አገር ወንዱ በ40፤ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ የለበሱትን ነጭ ልብስ በሣጥን አስቀምጣ ለተከታዩ የምታወጣ እናት ጥቂት አይደለችም። ሐሳቡ አንድ ነው፤ ልብሱን የሚሰፋው ሰው ገና ያልተወለደውንም ልጅ ያስባል።

ይህን ሥራ መያዜ በመሥሪያ ቤት ሲሰማ ሳቅ መነሣቱ አልቀረም። አንድ ጡረታቸው የተቃረበ ባልደረባችን ጠርተው፤

«አንተ ልጅ፤ መርፌውን ለሴቶች ብትተውላቸው ምን አለበት?» አሉኝ።

«ጋሼ፤ የለበሱትን ኮት የሰፋው ማን ነው?»

«ልብስ ሰፊው ነዋ።»

«ወንድ ነው ሴት?»

«ወንድ ነው።»

«ማታ ቤትዎ የሚደርቡትን ጋቢስ የሠራው?»

«ሸማኔው። እርሱም ወንድ ነው» አሉና ሳቁ። «ፈትሉን የፈተለችው ግን ሴት ናት። ለማንኛውም አንተ ከመዝገብ ቤት ይልቅ ፍርድ ቤት ይሻልህ ነበር።»

ከዚያን ቀን ወዲህ የሚስቅ ቢኖር እንኳ እርሳቸው ይከራከሩልኛል።

ለእኅቴ ልጅ ቀሚስ የምትሆን ሳሳ ያለች ነጭ የጥጥ ጨርቅ ገዛሁ። የጥልፉን ቀለም ከእናታችን የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ወሰድኩ፤ አረንጓዴና ወርቃማ። ከዚያ ስልክ ደውዬ ልክ ጠየቅሁ። እኅቴ ልጅቷን እያባበለች ለካችና «ደረቷ 50 ነው» አለችኝ። ቀጥላም «ግን መቼ ይደርሳል?» ስትል ጠየቀች።

«ሠርቼ ስጨርስ፤ ደግሞም የሚመጣ ሰው ሲገኝ።»

«እንግዲያማ ልኩ ያልፍበታል» አለች።

ይህ ንግግሯ ብዙ አሳሰበኝ። እርግጥ ነው፤ በሩቅ ያለ ሰው ስለሚወደው ሰው የሚያውቀው ልክ ሁሉ ያለፈ ልክ ነው። ፎቶግራፉ የባለፈው ወር ፎቶግራፍ ነው። የምናስታውሰው ድምፅ ልጅቷ አንድ ቃል ሳትጨምር የነበረው ድምፅ ነው። ዘመዶቻቸው በውጭ አገር የሚኖሩ አያሌ አንባቢዎች ይህን ያውቁታል። እኛ በያዝነው ልክ ልብስ ብንሰፋ ልብሱ ሲደርስ ልጁ አልፎት ይገኛል። ስሞኪንግ ለዚህ ችግር የተፈጠረ መሰለኝ። ይህ ስፌት «ልክሽ ይህ ነው» አይልም፤ «ሆነሽ የምትገኚውን ያህል እለጠጣለሁ» ይላል። በዚሁ ላይ ከቀሚሱ ሥር 10 ሳንቲ ሜትር ጨርቅ አጥፌ አስቀረሁ።

በየማታው አንድ ሰዓት ያህል፤ መብራት ሲጠፋም በሻማ፤ ሠርቼ በሦስተኛው ወር ጨረስኩ። ሌላ አንድ ወር ተጓዥ ስፈልግ አለፈ። በመጨረሻ ቀሚሱ በአንዲት ደግ ሴት ሻንጣ ውስጥ፤ ከሽሮና ከበርበሬ መካከል ተቀምጦ ተሻገረ። እንደ ደረሰም ልጅቷ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ማሽተት ነበርና ሦስት ጊዜ አነጠሰች አሉ። ከዚያ ለበሰችው፤ ልክ ሆናት።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፏል። በቀደም እኅቴ አንድ ፎቶግራፍ ላከችልኝ። የልጅቷ ፊት የለበትም፤ የቀሚሱ ጠርዝ ብቻ ነው። እጥፋቱን ፈትታ አውርዳው ኖሮ የድሮው ጠርዝ የነበረበት ፈዛዛ መስመር ይታያል። ከመስመሩ በታች ማስመሪያ አስደግፋለች፤ 4 ሳንቲ ሜትር ነው። ያላየሁት እድገቷ ይኸው በቁጥር ተጽፎ መጣልኝ። መዝገብ ይዤ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ እንደዚያ ደስ ያለኝ ጽሑፍ የለም። ገና 6 ሳንቲ ሜትር ይቀራል፤ ከዚያ በኋላም ታናሽ እኅቷ አለች።

እንግዲህ ተማሪም ሆንክ እንደኔ ትንሽ ደመወዝተኛ፤ በእጅህ የምትሠራውን አንድ ነገር ያዝ እልሃለሁ፤ አንቺም እኅቴ እንዲሁ። የግድ ጥልፍ ይሁን አልልም። ጥልፍን የመረጠ ግን በቀሚስ አይጀምር። መሐረብ በሚያህል ቁራጭ ላይ አራት ረድፍ ነጥብ ያድርግ፤ ክሩንም ጠንካራና ከጨርቁ ቀለም የተለየ ያድርገው፤ ኋላ ሲመዘው እንዲታየው። አንድ ማታ ለነጥቡ፤ አንድ ማታ ለመሳቢያው ክር፤ ሁለት ማታ ለጥልፉ ይበቃል። ዋጋው ጥቂት ነው፤ ቦታም አይፈጅም፤ በኪስ ይያዛል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፤ 800ው ነጥብ የሚያልቀው አንድ በአንድ ነው።

ለልጅ የሚሰፋ ሰው ደግሞ አንድ ነገር አይርሳ፤ ከሥር በቂ እጥፋት ያስቀር። ጨርቁ ሲገዛ ትንሽ ጭማሪ ገንዘብ ያስወጣል፤ ነገር ግን ልጁ ሲያድግ የሚፈታው እርሱ ነው።