ማን አበላሸው?

ነገሩ ወዲህ ነው። አራት ነን፤ ሥነ ጽሑፍ እንማራለን። ማራኪ ግቢ ጥላ ሥር ተሰብስበን ስለ ሰምና ወርቅ ስንጨቃጨቅ የምታዩን እኛው ነን። ለመመረቂያ ጽሑፋችን የላይ አርማጭሆን ፉከራና ቀረርቶ መርጠን፣ ባለፈው የዕረፍት ሰሞን ትክል ድንጋይ ገባን፤ ከአንዱ ጓደኛችን እናት ቤት ሰፈርን። ቀን ቀን ሽማግሎች ዘንድ እየሄድን እንቀዳለን፤ ማታ ማታ የቀዳነውን በአንዲት አሮጌ ላፕቶፕ እንጽፋለን። ላፕቶፒቱ የጋራችን ናት። ባትሪዋ ከሞተ ቆይቷል፤ ከተነቀለች ትጠፋለች። ከጻፍነውም ሌላ ቦታ ያስቀመጥነው ግልባጭ አልነበረም። እንግዲህ የአራት ሰው ድካም በአንድ አዳፕተር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው።

አንድ ማታ መብራት ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ አምፖሉ ቦግ አለ፤ ላፕቶፒቱ ግን ጭጭ። በዚያች ሰዓት ተራው ደርሶት ይጽፍ የነበረው የቤቱ ልጅ ነው።

«መብራት ሲሄድ ለምን አልነቀልከውም?» አልነው።

«ኧረ ነቅዬ ነበር» አለ። «ሲመጣ ነው መልሼ የሰካሁት።»

«ታዲያ ማን አበላሸው?»

ዝም አለ።

እዚህ ላይ ትምህርታችን ጉድ ሠራን። ይህን ሁሉ ጊዜ የተማርነው የሰውን ቃል መተርጎም አይደል? ዝምታውንም ተረጎምነው። አንዳችን «ንጹሕ ቢሆን ይከራከር ነበር» አለ፤ ሌላው «አፍሮ ነው» አለ። ሰሙን ሳናይ ወርቅ አወጣን። በእናቱ ቤት፣ የእናቱን ቡና እየጠጣን፣ በልጃቸው ላይ ፈረድን።

በማግስቱ ከመካከላችን አንዱ አዳፕተሩን በቢላዋ ፈልቅቆ ሊከፍት ተነሣ። እማማ ቢላዋውን ከእጁ ተቀበሉትና «ይኸ የሥጋ ነው» አሉ። በኋላ እንደተረዳነው ከክፉ ነገር ነው ያወጡት። ከግድግዳው የሚመጣው 220 ቮልት አዳፕተሩ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ወደ 310 ቮልት ግድም ይደርሳል፤ ይህንን የሚያጠራቅመው ካፓሲተር የተባለው ዕቃ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ኮረንቲውን ለጥቂት ጊዜ አፍኖ ይቆያል። የማያውቅ ሰው ጣቱን ቢያስገባ አለቀለት።

ሦስታችን አዳፕተሩን ይዘን ጎንደር ሄድን። የቤቱ ልጅ «ጉዳይ አለኝ» ብሎ በማለዳ ወጥቷል። ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ያደረጉ አንድ ጋሼ አገኘን። ጓደኛችን እንዴት እንዳቃጠለው ልንተርክ ስንጀምር አቋረጡን።

«ማን አበላሸው አላልኳችሁም። እስቲ ከግድግዳው እንጀምር።»

ሶኬቱ ላይ አምፖል ሰኩበት፤ በራ። ከግድግዳ ወደ አዳፕተሩ የሚሄደውን ገመድ በሌላ ለወጡት፤ ለውጥ የለም። እንግዲያው ሶኬቱም ያ ገመድም ነጻ ወጡ። ቀጥለው የአዳፕተሩን ጀርባ አነበቡልን፤ መግቢያው ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ መውጫው 19 ቮልት፣ 3.42 አምፔር። «ሌላ ብትገዙ ቮልቱ እኩል ይሁን፤ የጫፉም ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አንድ ዓይነት ይሁን። አምፔሩ ቢበልጥ ግድ የለም፤ ቢያንስ ግን ይግላል» አሉን። ከዚያ ቴስተራቸውን አንዱን ዘንግ ከጫፉ ቀዳዳ፣ ሌላውን ከውጭው ብረት አስነኩ። ዜሮ።

እኛ «ተቃጥሏል» ልንል ስንል እሳቸው ገመዱን በስንዝር በስንዝር እያጠፉ ቴስተሩን ያዩ ጀመር። ከአዳፕተሩ አንገት ትንሽ ራቅ ሲል ቁጥሩ 19 ብሎ ዘለለና መልሶ ዜሮ ሆነ። «ይኸው!» አሉ። ቢቆርጡት ላስቲኩ ደህና ነው፤ ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ነው ተበጣጥሶ ያለቀ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ኃይል እንዲሰጥ የተሠራ ነው፤ የእኛዋ ላፕቶፕ የምትለምነው 65 ዋት ነው። እሷንም ያስቀረው ይህ ስንዝር የማይሞላ ገመድ ነበር።

የተበላሸውን ቆርጠው ጣሉ፤ የውስጡን ከውስጥ፣ የውጩን ከውጭ ጋር በየዱ፤ እንዳይነካኩ ለየብቻ ሸፈኗቸው። ቴስተሩ 19 አለ።

«ስትጨርሱ እንዴት ነው የምትጠቀልሉት?» ሲሉ ጠየቁን። አዳፕተሩ ላይ ግጥም አድርገን ጠቅልለን አሳየናቸው።

«በሉ እንግዲህ፤ አንድ ቀን የበጠሰው ነገር አይደለም። በየቀኑ ስታንቁት ኖራችኋል። አንዲት ክር ቀርታው ነበር፤ ሲነቅሉና ሲሰኩ እሷም ሄደች።»

ሲነቅሉና ሲሰኩ! «ነቅዬ ነበር» ያለው እውነቱን ነው። የምንጠቀልለው ደግሞ በየተራ ነበር፤ አራታችንም።

ትክል ድንጋይ ስንመለስ ልጁ ገና አልገባም። አመሻሽ ላይ ፌስታል አንጠልጥሎ መጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። አዲስ አዳፕተር ነው። «በቃ፣ ሥሩ» አለ። ስልኩን ሸጦ ነው የገዛው። ከእሱ አጠገብ የተጠገነው አዳፕተር ተሰክቶ ላፕቶፒቱ በርታለች። አየው፤ አሁንም ዝም አለ። በዚህኛው ጊዜ ግን የሚተረጉም አልተገኘም።

በአባቶች ወግ ቢሆን ድንጋይ ተሸክመን እግሩ ላይ መውደቅ ነበረብን። እኛ ግን «ይቅርታ» የምትለዋን ቃል ለማውጣት ሦስት ቀን ፈጀብን። አዲሱን አዳፕተር ልንመልስ ብንሄድ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተባልን። ጽሑፉ በቀኑ ገባ። ለስልኩ መግዣ በየወሩ እያዋጣን ነው፤ ገና አልሞላም። ገመዱን አሁን አላልተን፣ ሰፋ አድርገን እንጠቀልለዋለን።

ልጁ እናቱን የሚያናግረው በእኛ ስልክ ነው። ባለፈው እሑድ አጠገቡ ተቀምጠን የእማማ ድምፅ ይሰማን ነበር።

«ስልክህ ምን ሆነ፣ ልጄ?»

«ተበላሸ፣ እማ።»

«ምነው! ማን አበላሸው?»

ቀና ብሎ ሦስታችንንም አየን።

«ማንም አላበላሸው፣ እማ» አላቸው።