ኪፕ ስለሚባለው ቃል

በእንግሊዝ ቋንቋ «ኪፕ» የሚባል ግሥ አለ። በልጅነቴ በደባርቅ ከተማ ስማር መምህራችን በሰሌዳ ላይ ጽፈው ትርጓሜው «ጠበቀ» ነው ብለው ነገሩን፤ እኛም በደብተራችን ገለበጥነው። መጠበቅ ለገበሬ ልጅ የታወቀ ሥራ ነው። እኔም በጎቹን ከቀበሮ፥ ገብሱ ሲያሸት ደግሞ ማሳውን ከጭላዳ እጠብቅ ነበርና ቃሉ ቶሎ ገባኝ።

በዚያው ዓመት በኅዳር ወር አንድ የውጭ አገር እንግዳ ከሳንቃ በር ወደ ደባርቅ ሲወርድ በመንገድ ዳር በውርጭ ስንቀጠቀጥ አየኝ። የሱፍ ካፖርቱን አውልቆ በትከሻዬ ላይ ጣል አደረገልኝና «ኪፕ ኢት» ብሎኝ መንገዱን ቀጠለ። እኔም «ጠብቅልኝ» ያለኝ መስሎኝ ወደ ቤት ወስጄ ከግድግዳ ላይ ሰቀልሁት።

ታናሽ ወንድሜ በብርዱ ያስል ነበር። አባቴ ከዳባት ገበያ ጋቢ ሊገዛለት ቢያስብም ገንዘቡ አልሞላለትም። እናቴ «ያን ልብስ ለጊዜው ብናለብሰውስ?» ብላ ብትጠይቀኝ «የሰው አደራ ነው፤ ባለቤቱ ይመለሳል» አልኋት። እርሷም አደራ መብላትን ስለምትፈራ ነገሩን ሁለተኛ አላነሣችውም። እንዲህም ሆኖ ሁለት ዓመት አለፈ።

ከዚያ በኋላ መዝገበ ቃላት ለማየት በቻልሁ ጊዜ ለዚህ ግሥ ብዙ ትርጓሜ ተጽፎለት አገኘሁ። እንግሊዞች በግ ማርባትን፥ ቃል መጠበቅን፥ ዝም ማለትንና ሳያቋርጡ መሄድን ሁሉ በዚህ በአንዱ ቃል ይናገራሉ። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ነቅቶ መመልከትንና መጠባበቅን ያመለክት ስለ ነበር የመምህራችን ትርጓሜ ከሥሩ የራቀ አይደለም። ነገር ግን ዛሬ ዕቃ ሰጥተው ይህን ቃል ሲናገሩ «ያንተ ይሁን፤ አትመልሰው» ማለታቸው ነው። በእኛ ቋንቋ ግን ዕቃውን ጠብቀው የተባለ ሰው የዕቃው ባለቤት አይሆንም።

ያን ዕለት ወደ ቤት ሄጄ ለእናቴ ነገርኋት። ምንም ሳትመልስ ካፖርቱን አውርዳ ለወንድሜ አለበሰችው። አንገትጌውን ግን ብል በልቶት ነበር።

አንባቢ ሆይ፤ የተማርሁት ትርጓሜ ሐሰት አልነበረም፤ ጎደሎ ነበር እንጂ። ዛሬ በደባርቅ እንግዶችን ወደ ስሜን ተራራ ለመምራት ይህን ቋንቋ የሚያጠኑ ወጣቶች ብዙ ናቸው። እነርሱን ሳይ፥ አንድን ቃል ባንድ ትርጓሜ ብቻ ይዛችሁ እንዳትቀሩ እላቸዋለሁ። እኔ ሳላውቀው ለቀረሁት ትርጓሜ ሁለት ዓመት የበረደው ወንድሜ ነውና።