ሊንክ በሠንጠረዥ ውስጥ

እኛ የጉለሌ ሰዎች «ቁስቋም» ስንል ከእንጦጦ ግርጌ ያለውን ደብርና በዙሪያው የተቈረቈረውን ሠፈር ማለታችን ነው፤ የጎንደር ሰው ግን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩትን ደብር ያስባል፤ ስንክሳር የሚያነብ ደግሞ እመቤታችን በስደቷ ወራት ከልጇ ጋር ያረፈችበትን የግብጽ ተራራ ያስባል። ይህን ስም «ቦታ» ከሚል ዓምድ ሥር የሚያስገባ የዳታቤዝ ባለሙያ ከሦስቱ የትኛውን እንደ ሆነ ለኮምፒውተሩ አልነገረውም፤ በዚያም ላይ አንዱ በ«ቁ» ሌላው በ«ቍ» ሲጽፈው አንዱ ደብር ሁለት ሆኖ ይቈጠራል። ስለዚህ ከስሙ ጎን ለቦታው ተለይቶ የተሰጠ ሊንክ ሊገባ ይገባል፤ ይህም ሊንክ ራሱ መረጃ ነው።

አሳቡ ለሀገራችን ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። አውሳብዮስ ዘቂሳርያ በ4ኛው መቶ ዓመት አራቱን ወንጌላት በየአንቀጹ ከፍሎ፣ ለያንዳንዱም አንቀጽ ቍጥር ሰጥቶ፣ የሚተባበሩትንና በአንዱ ወንጌል ብቻ የሚገኙትን በ10 ሠንጠረዦች አሰለፋቸው፤ በዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም በሚጠበቀው ጥንታዊ የብራና ወንጌልም እነዚህ ሠንጠረዦች በአዕማድና በቅስት ተከብበው ይታያሉ። በመስመሮቹ የተሰለፈው ቍጥር ብቻ ነው፤ አንባቢው የማቴዎስን ይዞ ወደ ጎን ሲመለከት የማርቆስንና የሉቃስን ያገኛል፣ ያንኑም በወንጌሉ ኅዳግ ፈልጎ ከንባቡ ይደርሳል። እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ ቍጥሩ ለቅጠሉ ሳይሆን ለአንቀጹ መሰጠቱ ነው፤ ጸሐፊው ፊደሉን ቢያገዝፍ ወይም ቢያደቅቅ፣ ቅጠሉ ቢበዛም ቢያንስም፣ ሠንጠረዡ አይናወጥም።

በዘመናችን ብዙ ሊንክ የሚሞተው ይህ ጥንቃቄ ስለ ጐደለ ነው፤ አድራሻው ፋይሉ ላረፈበት ፎልደር ይሰጥና ፋይሉ ሲዛወር ከንቱ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ለያንዳንዱ መጽሐፍ የተሰጠው ቍጥር ግን፣ ሊቁ ጌታቸው ኃይሌና ባልደረቦቻቸው ካታሎጉን በዚያው ስለ ሠሩት፣ እስከ ዛሬ በተመራማሪዎች ዘንድ ይጠቀሳል። በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲም ከእ.ኤ.አ. 2016 ጀምሮ የሚሠራው «ቤተ መጻሕፍት» የተባለው ፕሮጀክት ለድርሰቱ፣ ለብራናው፣ ለሰውና ለቦታው የየራሱን መለያ ሰጥቶ እርስ በርሳቸው በሊንክ ያያይዛቸዋል።

እንዲህ ያለው መለያ ከገዛ ቤተ መዛግብታችን ወጥቶ፣ በእኛው ተጠብቆ፣ ለየአድባራቱ ቢሰጥ ምኞቴ ነው። መዝጋቢዎቻችንም ከአሁኑ ሁለት ዓምድ ያብጁ፤ በአንዱ ስሙ ብራናው እንደ ጻፈው ሳይታረም ይቀመጥ፣ በሁለተኛው ሊንኩ ይግባ።