ከጅሬን ኮረብታ እስከ አጋሮ የቡና ጥላ

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን በመልክዐ ምድር መጽሐፋችን ውስጥ አንድ ሥዕል ነበረ። በረዶ የለበሰ ተራራ ከበስተኋላ ቆሞ፥ ከፊቱ ባለው ገደል አፋፍ ላይ ቤቶች እንደ ርግብ ጎጆ ተደርድረው የሚታዩበት የሕንድ አገር ከተማ ነው። መምህራችንም ሲያስረዱን፥ እንግሊዞች ሕንድን በሚገዙበት ዘመን የቆላው ሐሩር ሲጠናባቸው መዝገባቸውንና ማኅተማቸውን አስጭነው ከነጸሐፊዎቻቸው ወደ ሂማላያ ተራራ ይወጡ እንደ ነበር፥ ሲምላ የምትባለውም ከተማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1864 ዓ.ም. ጀምሮ የበጋ መናገሻቸው እንደ ሆነች ነገሩን። ዳርጂሊንግ የምትባለው ሌላይቱ የተራራ ከተማ ደግሞ በሻይ ተክሏ እስከ ዛሬ በዓለም የታወቀች ናት። ከዚያ ሁሉ ትምህርት ግን በልባችን የቀረው ጸሐፊ ከነመዝገቡ ነፋስ ሊቀበል ተራራ መውጣቱ ነበር፤ ይህም ብዙ ጊዜ ሲያስቀን ኖረ።

እነሆ፥ ከብዙ ዓመት በኋላ እኛው ራሳችን በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ተቀምጠን፥ ባለፈው ኅዳር ወር ያገኘናትን የዕረፍት ጊዜ ከባለቤታችንና ከሁለቱ ልጆቻችን ጋር በጅማ ለማሳለፍ ተነሣን። መዝገብ አልያዝንም። ቢሆንም አንድ መዝገብ ተከትሎን መጥቶ ኖሯል፤ ይህንንም በስፍራው እንናገራለን።

ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ ያለው መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የእንግሊዞቹ ነገር በእኛ ዘንድ የተገለበጠ መሆኑን ልብ ይሏል፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች፥ ወደ ጅማ የሚሄድ ሰው ይወርዳል እንጂ አይወጣም። ወሊሶንና ወልቂጤን አልፈን ወደ ጊቤ ሸለቆ ስንወርድ ሙቀቱ በረታ፤ ልጆቹም ሹራባቸውን አወለቁ። ወንዙን ተሻግረን ሰኮሩ ከደረስን በኋላ ግን አገሩ ሁሉ ለመለመ። በግልገል ጊቤ ላይ በ1996 ዓ.ም. ሥራው የተፈጸመውን የኤሌክትሪክ ግድብም አሰብን፤ 184 ሜጋ ዋት ኃይል እንዲሰጥ ሆኖ የተሠራ ነው። ማምሻውን ጅማ ገባን።

ጅማ ወይና ደጋ ናት። ሌሊቱ አይቀዘቅዝም፥ ቀኑም አያቃጥልም፤ የአዌቱ ወንዝ በመካከሏ ያልፋል። በማግሥቱ ሐሙስ ነበረና ወደ ሂርማታ ገበያ ወጣን። ይህ ገበያ ከከተማይቱ ይልቅ የቈየ ነው፤ የዛሬው የከተማ መልክ ከጣልያን ወረራ ዘመን፥ ማለት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተሠሩት መንገዶችና ሕንፃዎች ብዙውን የወረሰ ሲሆን፥ ገበያው ግን በጅማ ነገሥታት ዘመን ከየአገሩ ነጋዴ የሚጐርፍበት ነበረ። ባለቤታችን ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ገዛች። ሻጩ ሲጠራውና እርስዋ ስታስቀንስ የፈጀው ጊዜ ከአንድ ችሎት አያንስም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጅሬን ኮረብታ ወጣን፤ ከከተማው 7 ወይም 8 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከ1870 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከ50 ዓመት በላይ ጅማን የገዙት ንጉሥ አባ ጅፋር የተቀመጡበት ቤተ መንግሥት ያለው በዚህ ነው። ቤቱ የእንጨት ሥራ ነው፤ ሰገነቱም ምሰሶውም መስኮቱም እንጨት ነው። ንጉሡ እጅግ ረጅም ሰው እንደ ነበሩ ይነገራል። ከቁመታቸው ይልቅ እኛን ያስደነቀን ግን ማስተዋላቸው ነው፤ ለዳግማዊ ምኒልክ በፈቃዳቸው ገብረው ግብራቸውን በየዓመቱ እየከፈሉ ስለ ኖሩ፥ ጎረቤታቸው ከፋ በ1889 ዓ.ም. በጦርነት ሲፈርስ ጅማ ከነንጉሥዋና ከነገበያዋ ዳነች። የራስዋም አስተዳደር እስከ 1920ዎቹ መጀመሪያ ጸናላት።

ባለቤታችን ግን ምሰሶውን በእጅዋ ዳስሳ ቀና አለችና፥ «ይህን ሁሉ ግንድ እስከዚህ ኮረብታ ማን ተሸከመው?» ብላ ጠየቀች። እኛም በግድግዳው ላይ መልሱን ተጽፎ አላገኘነውም። ሂርማታ ግን በዚያ ዘመን ከቡናና ከዝባድ ጋር ሰው የሚሸጥበት ትልቅ ገበያ እንደ ነበረ እናውቃለን፤ የባሪያ ሥርዓት በአዋጅ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ስለ ቤቱ ውበት የሚናገር ሰው ይህንን ቢዘለው መልካም አይሆንም።

ከሰገነቱ ዘንድ ቆመን ወደ ታች ስንመለከት፥ የከተማው ቈርቈሮ በፀሐይ ያበራል፥ ከዚያ ወዲያ ያለው አገር ግን ዐይን እስኪደክም ድረስ ዛፍ ብቻ ነው። ታላቁ ልጃችን፥ «ቡናው የት አለ?» አለን። የዳርጂሊንግ ሻይ በተራራው ጎን በፀሐይ ተዘርግቶ ከሩቅ እንደ ምንጣፍ ይታያል፤ የጅማ ቡና ግን በዋንዛና በብሳና ጥላ ሥር የሚኖር ነውና ከኮረብታ ላይ የቆመ ሰው አያየውም። እንግዲህ ለልጁ መልስ ለመስጠት ወርዶ ከዛፉ ሥር መግባት ግድ ሆነብን።

በበነጋው ወደ አጋሮ ሄድን፤ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የጎማ አገር ሰዎች ቡና መጀመሪያ የተገኘው በእኛ ዘንድ፥ ጮጬ በምትባለው ቦታ ነው ይላሉ፤ የከፋ ሰዎችም እንዲሁ ስለ አገራቸው ይላሉ። ይህ ክርክር ወደ እኛ ችሎት ባለመቅረቡ ደስ ይለናል።

ሾፌራችን የዚያ አገር ተወላጅ ነበረና ዘመዱ ከሆኑ አንዲት አሮጊት ቤት አገባን። ጊዜው የቡና መልቀሚያ ነው፤ በደጃቸው በተዘረጋው የቆጥ አልጋ ላይ ቀይ እሸት ቡና ተሰጥቶ ነበር። እመቤቲቱ በኦሮምኛ እየተናገሩ፥ ሾፌሩ እያስተረጐመ፥ እንድንቀመጥ አዘዙን። በባህላቸው ለክቡር እንግዳ ቡናው በቅቤ ተነጥሮ ይቀርባል፤ ቅቤውን አንሥተው ሳለ ግን ወደ ባለቤታችን ማዕተብ ተመለከቱና፥ «ጾም ገብቶባችኋል ልበል?» አሉ። የነቢያት ጾም ከገባ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነበር። እስላም ሆነው የእኛን ጾም ከእኛ ቀድመው አሰቡልን፤ ቅቤውንም መልሰው ቡናውን በጨው ብቻ አቀረቡ።

ከዚያም ወደ ጓሮ ወሰዱን። «እናታችን፥ ስንት እግር ቡና አለዎት?» ብለን ጠየቅን፤ 60 እግር ነው አሉ። ትንሹ ልጃችን ቡና እንደ ሰው በእግር መቈጠሩን ሰምቶ ሳቀ። እርሳቸውም ሲያሳዩን፥ ከ5 እስከ 6 ኪሎ እሸት ደርቆ ተፈልፍሎ 1 ኪሎ ንጹሕ ቡና ብቻ እንደሚወጣው፥ እሸቱም በአንድ ቀን ስለማይቀላ በየጊዜው እየተመለሱ ቀዩን ብቻ በጣት መልቀም እንደሚገባ ነገሩን። ቡናን የሚያጠቁር በሽታ በ1963 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ፥ ከጅማ አጠገብ በመልኮ ያለው የምርምር ጣቢያ በሽታውን የሚቋቋም ዘር መርጦ ለገበሬ ማዳረሱንም ሾፌሩ ጨመረልን።

ቀጥለውም አንዱን ቅርንጫፍ ዝቅ አድርገው ያዙና እንዲህ አሉ። «የሚቸኩል ሰው ቅርንጫፉን በእጁ ጨብጦ ከጫፉ ድረስ ይገፈዋል፤ ቀዩም አረንጓዴውም ቅጠሉም አብሮ ይወርዳል። ይህ ለጋ ቅርንጫፍ የሚመጣው ዓመት ተሸካሚ ነው። እርሱ ከተሰበረ ዘንድሮም ከርሞም ሄደ። የራሱ ያልሆነውን ቡና የሚለቅም ሰው እንዲህ ያደርጋል፤ ለከርሞ ምን ቸገረው!»

በዚህ ጊዜ ያ መዝገብ ፊታችን ላይ ተዘረጋ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ ከቡና አገር በይግባኝ የመጣ የ240 እግር ቡና ክርክር በእጃችን ያልፍ ነበር። ባለጉዳይዋ ባልዋ የሞተባት ሴት ናት፤ ቡናውን የያዘው ደግሞ የባልዋ ወንድም ነው። ቀጠሮው በጥቅምት ሲሆን፥ እኛ ግልባጩን በጊዜው ጽፈን ባለማድረሳችን ወደ ጥር ተዛወረ። ቀጠሮው ሲነገራት ሴቲቱ «ጥር?» ብላ ደግማ ጠየቀች። እኛም ጆሮዋ ያልሰማ መስሎን ድምፃችንን ከፍ አድርገን፥ «አዎን፥ ጥር!» አልናት። እርስዋም ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። በጥር ተመልሳ ፍርዱ ለእርስዋ ሆነ፤ እኛም መዝገቡን ስንዘጋ ሦስት ወር ምን አላት ብለን ነበር።

ስንሰናበት አሮጊቲቱ እፍኝ ጀንፈል በባለቤታችን መቀነት ቋጠሩላት፤ ልጆቹንም መረቁ። በመንገድ ላይ ባለቤታችን፥ «ምነው ዝም አልህ?» ብትለን ነገሩን ሁሉ አጫወትናት።

«መዝገቡ አሁን የት ነው?» አለች።

«ተዘግቶ ግምጃ ቤት ገብቷል» አልናት።

«ሴቲቱስ?»

ስለ እርስዋ ከፍርዱ በኋላ የተጻፈ ነገር አልነበረም።